የከባድ ገጀራ እጀታ፦ እጅ የት ይቀመጥ?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ገጀራና ስለ ሌሎች ከባድ ቢላዋዎች እጀታ ነው። ከሊማሊሞ ቁልቁለት ግርጌ ጀምሮ በዛሪማ በኩል እስከ አዲ አርቃይ ከተማና ከዚያም ወዲያ ባለው ቆላማ አገር ገጀራ የማይገባበት የእጅ ሥራ ጥቂት ነው። አጥር የሚሆነው እሾህ በእሱ ይቆረጣል፤ የማገዶው ቅርንጫፍ በእሱ ይመለመላል፤ ከማሳ የቀረው የማሽላ አገዳ በእሱ ይጨፈጨፋል። በሥጋ ቤት አጥንት የሚከሰክሰው ወፍራም ቢላዋም የእሱ ዘመድ ነው። ታዲያ ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ስሞታ ይቀርብባቸዋል፦ «ብረቱ ደህና ነው፣ ስለቱም ይይዛል፣ ግን እጅ ያደክማል።» ስሞታው እውነት ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚደረገው ግን ብዙውን ጊዜ ድካሙን አይቀንሰውም፤ አንዳንዴም ይጨምረዋል። የተለመደው መፍትሔ ከእጀታው ጫፍ እርሳስ ማፍሰስ፣ ወፍራም ዳዶ ማሰር ወይም የብረት ቀለበት መደረብ ነው። ወደ ፊት የሚያጋድል ነገር ወደ ኋላ ክብደት ሲጨመርበት ሚዛኑን ይጠብቃል የሚል ሐሳብ ነው ያለው። ሐሳቡ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። በቁጥር ሲፈተን ግን የሚጠበቅበትን ያህል አይሠራም። የከባድ ገጀራ መፍትሔ በእጀታው ላይ በሚጨመረው ክብደት ላይ ሳይሆን እጀታው እጃችንን የት ያስቀምጠዋል በሚለው ላይ ነው፤ የዛሬው ዝግጅታችንም ይህንን በማስረጃ ለማሳየት ይሞክራል።

መጀመሪያ ድካሙ ከየት እንደሚመጣ እንይ። አንድ ዕቃ እጅን የሚያደክመው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ቡና የተሞላ ጀበና ወደ ደረት አስጠግቶ መያዝና ክንድን ዘርግቶ መያዝ አንድ እንዳልሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ጀበናው ያው ጀበና ነው፣ የተለወጠው ርቀቱ ነው። የእጅ አንጓን የሚጎትተው ጉልበት የሚለካው ክብደቱን ከእጅ እስከ ክብደቱ መሐል ባለው ርቀት በማባዛት ነው። ስለዚህ አንድን ገጀራ ለማቅለል ሁለት በር አለ፦ ወይ ክብደቱን መቀነስ፣ ወይ ርቀቱን ማሳጠር። ክብደት መጨመር ሦስተኛ በር የሚሆነው ከእጁ በስተኋላ ሲጨመር ብቻ ነው፤ በዚያም ቢሆን ከእጁ ምን ያህል ርቆ እንደሚቀመጥ መታየት አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። የገጀራ እጀታ አጭር ነው፤ አብዛኛውም ርዝመቱ በመዳፍ የተሸፈነ ነው። ከመዳፉ ኋላ የሚተርፈው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ እዚያ የሚቀመጠው እርሳስ ከእጁ በቂ ርቀት የለውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። እስክሪብቶ ያላችሁ አድማጮች ብትጽፉት ይሻላል። ስለቱ 44 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገጀራ እንውሰድ። የብረት ክብደት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.8 ግራም ገደማ ስለሆነ ይህ ስለት 620 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ለስሌቱ እንዲመቸን 630 እንበለው። ውፍረቱ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ የክብደቱ መሐል ከእጀታው አፍ 22 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። እጀታው 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ በውስጡ ከሚገባው የብረት ጭራ ጋር 120 ግራም ይመዝን። ጠቅላላው 750 ግራም ሆነ ማለት ነው። ይህን ገጀራ በጣት ላይ አጋድማችሁ ብታመዛዝኑት የሚዛን ነጥቡ ከእጀታው አፍ 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወደ ፊት ይገኛል። የመዳፉ መሐል ደግሞ ከእጀታው አፍ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው እንበል። እንግዲህ ከእጅ እስከ ሚዛኑ 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ በ750 ግራም ሲባዛ 16,890 ያህል ይመጣል። ይህ ቁጥር የእጅ አንጓው የሚሸከመው ጫና ነው፤ ከዚህ በኋላ የምናወዳድረው ከእሱ ጋር ነው።

እርሳሱን እናፍስ። 150 ግራም እርሳስ፣ ቀላል የማይባል መጠን፣ ከእጀታው መጨረሻ ላይ ብናስገባ የሚዛን ነጥቡ ከ17.5 ወደ 12.6 ሴንቲ ሜትር ይመለሳል። በጣቱ የሚፈትን ሰው ይህንን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ነጥቡ አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ እጁ ቀርቧልና። ነገር ግን እርሳሱ ከመዳፉ መሐል ያለው ርቀት 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከጫናው የሚቀንሰው 150 በ7፣ ማለትም 1,050 ነው። ጫናው ከ16,890 ወደ 15,840 ወረደ፤ ይህ ከ100 እጅ 6 እጅ ያህል ነው። በአንጻሩ የገጀራው ጠቅላላ ክብደት ከ750 ወደ 900 ግራም፣ በአንድ አምስተኛ ከፍ አለ። ባለቤቱ ጠዋት ይዞት የሚወጣው፣ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ የሚያነሳው እሱኑ ነው። የጣት ሚዛኑ አታሎታል ማለት ነው። ጣት የሚነግረን የዕቃው ክብደት የት እንደሚገናኝ ነው፤ እጅ የሚሰማው ግን ሌላ ነገር ነው።

ከእርሳስ ይልቅ እንጨት ስለመለወጥ የሚያስቡም አሉ። ዋንዛ ቀላል እንጨት ነው፣ ወይራ ከባድ ነው፣ ስለዚህ የወይራ እጀታ ሚዛኑን ያስተካክላል ይባላል። የ12 ሴንቲ ሜትሩ እጀታ እንጨት መጠኑ 100 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ከዋንዛ ወደ ወይራ ሲቀየር የሚጨምረው ክብደት 50 ግራም አካባቢ ነው። የሚዛን ነጥቡ እንደገና ወደ ኋላ ይሸሻል፣ 17.5 የነበረው 16 ይሆናል። ጫናው ግን አይነቃነቅም ማለት ይቻላል፤ የእጀታው ክብደት መሐል ከመዳፉ ጋር እዚያው ስለሆነ። ወይራ ለእጀታ የሚመረጥበት በቂ ምክንያት አለው፦ ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ ሲያዙት ይለሰልሳል። ክትክታም ቢሆን በዚሁ ጥንካሬው ለመሣሪያ እጀታ ይፈለጋል። ለሚዛን ብሎ ወይራ ፍለጋ ደጋ መውጣት ግን ትርፍ ድካም ነው።

አሁን ሌላውን እንሞክር። ምንም ክብደት አንጨምር። እጀታውን ወደ ፊት 4 ሴንቲ ሜትር እናስረዝመው፤ ማለትም የስለቱን ሥር 4 ሴንቲ ሜትር በእንጨት እንሸፍነውና መዳፉ እዚያ ይቀመጥ። የሚዛን ነጥቡ ካለበት አልተንቀሳቀሰም፣ የተንቀሳቀሰው እጅ ነው። ከእጅ እስከ ሚዛኑ ያለው ርቀት ከ22 ተኩል ወደ 18 ተኩል ወረደ። ጫናው 13,890 ሆነ። የሚጨመረውን የእንጨት ቁራጭ ክብደት ለጊዜው ብንተወው የቀነሰው ከ100 እጅ 18 እጅ ያህል ነው፤ ቁራጩ ደግሞ መዳፉ ባለበት የሚውል ስለሆነ ልዩነቱን የሚያበላሸው ጥቂት ነው። 150 ግራም እርሳስ ያመጣውን ሦስት እጥፍ 4 ሴንቲ ሜትር እንጨት አመጣው። የዝግጅታችን ዋና ነገር እዚህ ቁጥር ላይ ነው፤ ቀሪው ማብራሪያ ነው።

ጉዳዩ ዝም ብሎ በመያዝ ብቻ አያበቃም። ገጀራ የሚወረወር፣ የሚመለስ፣ እንደገና የሚወረወር መሣሪያ ነው። አንድን ዕቃ ለማወዛወዝ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ርቀቱን በራሱ አባዝቶ ነው የሚቆጥረው፤ ርቀት ሁለት እጥፍ ሲሆን ዕቃው ለመወዛወዝ የሚያሳየው እንቢታ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት እጅን 4 ሴንቲ ሜትር ማስጠጋት የገጀራውን እንቢታ ከ100 እጅ 20 እጅ በላይ ይቀንሰዋል። እርሳሱስ? እርሳሱ አይቀንሰውም። የትም ቦታ ላይ ክብደት ቢጨመር የማወዛወዝ እንቢታ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ይህ በየትኛውም የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ የሚገኝ ሕግ ነው። እርሳስ የፈሰሰበት ገጀራ በቆመበት ጥቂት ይቀላል፣ ሲወረወር ግን ያው ነው፣ በክንድ ሙሉ ሲወረወር ደግሞ ይባስ ብሎ ይከብዳል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ጥያቄ አለ። «የከበደ ነው የሚቆርጥ። ገጀራ ወደ ፊት ማጋደሉ ጥቅሙ እንጂ ጉድለቱ አይደለም» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ልክ ነው። ኔፓላውያን ኩክሪ በሚባለው ከባድ ቢላዋቸው ሆን ብለው ክብደቱን ወደ ጫፉ ያስጠጋሉ፤ አንድ ምት ወፍራም ቅርንጫፍ እንዲበጥስ ነው። የእኛም የጥንት ሾተል እጀታው ቀላል እንጨት፣ ስለቱ ረጅምና ቀስት ሆኖ ወደ ፊት የሚጎትት ነበር። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ክብደት ወደ ፊት ይሁን የሚል ብቻ አይደለም፤ ሥራው ሁለት ዓይነት ነው የሚል ነው። ወፍራም ግራር ለመጣል ሙሉ ክንድ፣ ሙሉ ርቀት ያስፈልጋል። ቀጫጭን እሾህ ለመመልመል፣ አገዳ ለመጨፍጨፍ፣ ሽመል ለመላጥ ግን ፍጥነትና ትክክለኛነት ነው የሚያስፈልገው። በዚያ ላይ የምት ጉልበት በክብደት ብቻ አይወሰንም፤ ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ ይገባበታል። ፍጥነቱ በአንድ አሥረኛ የጨመረ ምት ጉልበቱ በአንድ አምስተኛ ይጨምራል። የቀለለ ገጀራ የሚፈጥነውን ያህል የጎደለውን ሊመልስ ይችላል ማለት ነው። የቀኑን መጨረሻ ብናስብ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ የደከመ እጅ ከባዱን ገጀራ እየቀዘቀዘ ይጥለዋል።

ስለዚህ ረጅም እጀታ ሁለቱንም ይሰጣል። የድሮው እጀታ ሲቆይና ከፊቱ 4 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር፣ ባለቤቱ ለከባዱ ሥራ እጁን ወደ ኋላ፣ ለቀላሉ ሥራ ወደ ፊት ያደርጋል። እርሳስ ይህን ምርጫ አይሰጥም፤ አንዴ ከፈሰሰ ለከባዱም ለቀላሉም እዚያው ነው። ሚዛናዊ ለመሆን ግን ለእርሳስ ደጋፊዎች አንድ ነገር እንመስክር። እጅ ወደ ፊት ከተጠጋ በኋላ ያው 150 ግራም ከመዳፉ 11 ሴንቲ ሜትር ይርቃልና ጫናውን ከ100 እጅ 12 እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ከበፊቱ እጥፍ ይሠራል። እርሳሱ እንኳን የሚጠቅመው የእጁ ቦታ ሲስተካከል ነው።

«ታዲያ ጎራዴዎች ለምን ከእጀታቸው ጫፍ ክብደት አላቸው?» የሚልም አይጠፋም። የአውሮፓ ጎራዴ ከእጀታው ጫፍ ወፍራም የብረት ጉብ የኖረው በአየር ላይ ተይዞ ስለሚቆይ፣ አቅጣጫውንም ደጋግሞ ስለሚለውጥ ነው፤ ገጀራ ግን ይነሳል፣ ይወድቃል፣ እንጨት ላይ ያርፋል። የእኛ አገር ታሪክ ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ አስተማሪ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያ ወዲህ ከጀርመን ዞሊንገን ከተማ ብዙ የጎራዴ ስለት ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። እዚህ ሲደርስ ግን ብዙው የተሰካበት የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ነው፤ ክብደት የሚጨምር የብረት ጉብ አልተፈለገም። ብረቱን ባዕድ ቢሠራውም እጀታውን በእጁ ልክ ያበጀው የአገሩ ሰው ነበር። ጌጥና ክብር እንደነበረበት አይካድም፤ ቀንድ እንዲያ የተፈለገው ለሚዛን ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ብረት የሚሠራውና እጀታ የሚያበጀው የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው በአገራችን ሥር የሰደደ ነገር መሆኑን ያሳያል።

ይህ ልማድ በጎንደር አካባቢ በግልጽ ይታያል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ባለእጆች መንደር በመሆን ትታወቅ ነበር፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ባደረጓቸው ታላላቅ ጉዞዎች ከሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል እጅግ ብዙ የሙያ ሰው ሄዷል። ዛሬም ቢሆን ብረት የሚቀጠቅጥ ባለእጅ ለዶማም ለፋስም ብረቱን ይሰጣል፤ ዛቢያውን የሚያበጀው ብዙውን ጊዜ ገዢው ራሱ ነው። ይህ ለገዢው ጉዳት ብቻ አይደለም፣ ዕድልም ነው። ሚዛኑን የመወሰን ሥልጣን የእሱ ነው። ዳሩ ግን ዶማና ፋስ ላይ በዛቢያ ርዝመት የሚጨነቅ ሰው ገጀራ ላይ ሲደርስ «መያዣ ካለው ይበቃል» ብሎ ያልፋል።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። ከሁሉ በፊት መቁረጥ፣ መብሳት፣ ማቃጠል አያስፈልግም። መጀመሪያ ስለቱን ከእጀታው አፍ አንስቶ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል በሞረድ አደንዝዙት፤ በጣት ሲነካ የማይቆርጥ መሆን አለበት። ይህን መዝለል አይቻልም፣ እጅ የሚቀመጠው እዚያ ነውና። ከዚያ ወፍራም ጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥሙበት፤ በላዩ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ የጎማ ጥብጣብ እየወጠራችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት። ጎማው ከእጀታው ላይ ጀምሮ ወደ ስለቱ ሥር ቢሄድ አይንሸራተትም። በዚህ ሁኔታ ቀለል ያለ ሥራ ሠርታችሁ ተመልከቱት። እጃችሁ ራሱ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ የሚመቸውን ቦታ ያገኛል። አራት ሴንቲ ሜትር በዛ የሚል ሰው ይኖራል፣ ሦስት ይበቃዋል፤ መዳፉ ሰፊ የሆነ አምስት ይፈልግ ይሆናል። ለእንጨቱ ልኬት የሚወሰደው ይህ ነው።

ልኬቱ ከታወቀ በኋላ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። የብረቱ ጭራ እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሰፊ ሆኖ በሁለት እንጨት የታቀፈ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ አሮጌዎቹ እንጨቶች ወጥተው ረዘም ባሉ ሁለት እንጨቶች ይተካሉ፣ በነበረው ቀዳዳ ላይ ይቸነከራሉ። የብረቱ ጭራ ቀጭን ሆኖ እንጨት ውስጥ የተሰካ ከሆነ ግን አሮጌው እጀታ ይቆይ፤ ከፊቱ ሁለት የእንጨት ጉንጮች ተጠርበው የስለቱን ሥር ከግራና ከቀኝ ይቀፉት። ስለቱን በትራፓኖ መብሳት አይመከርም፤ የጠጠረ ብረት መሰርሰሪያውን ይጨርሳል፣ ቀዳዳው የዋለበትም ቦታ የስንጥቅ መነሻ ሊሆን ይችላል። ጉንጮቹን ለመያዝ ጠፍር ከምስማር ይበልጣል። ጥሬ ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ለስልሶ ሲለጠጥ እየወጠሩ ጎን ለጎን ሳይደራረብ ከእንጨቱ ጋር ይጠመጥሙታል፣ የመጨረሻውን ጫፍ ከጥምጥሙ ሥር አሾልከው ይስቡታል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይደርቅ። ሲደርቅ ቆዳው ይኮማተራል፤ እጅ ከሚያጠብቀው በላይ ያጠብቃል፣ እንጨቱንና ብረቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ፀሐይ ላይ ያደረቁት ጠፍር ቶሎ ስለሚሰባበር ትዕግሥት ይፈልጋል። በክረምት እርጥበት እንዳይላላ ደግሞ ሞራ ወይም ቅባት ማጠጣት ያስፈልጋል።

የእጀታው ቅርጽ ከርዝመቱ ያላነሰ ይረዳል። ክብ እጀታ እጅ ውስጥ ይዞራል፤ እንዳይዞር ባለቤቱ አጥብቆ ይጨብጣል፣ ከድካሙ ከፊሉ ከዚሁ ጭብጥ ነው የሚመጣው። ሞላላ እጀታ፣ ከደንደሱ እስከ ስለቱ ባለው አቅጣጫ ሰፋ፣ ከጎን ወደ ጎን ጠበብ ያለ፣ ዓይን ሳያይ ስለቱ ወዴት እንደዞረ ለመዳፉ ይነግረዋል። ከመጨረሻው ላይ ለትንሿ ጣት መያዣ የሚሆን ጉብ ቢተውለት ገጀራው ሲወረወር አያመልጥም። በዚህ ጉብ ምክንያት ጭብጡን ማላላት ይቻላል። እንግዲህ ብዙ ሰው ጉቡን እርሳስ ሲሞላው የተሻለ የሚሰማው በጉቡ እንጂ በእርሳሱ አይመስልም።

እርሳስ ከተነሳ ጤናንም ማንሳት ግድ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል፤ የከሰል እሳት በቀላሉ ይህን ይሰጣል። ጢሱና ብናኙ ግን መርዝ ነው፣ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ከሰውነትም ቶሎ አይወጣም። ጓዳ ውስጥ ወይም ልጆች ባሉበት ግቢ እርሳስ ማቅለጥ በምንም ሚዛን የሚያዋጣ አይደለም። ሥጋና ሽንኩርት በሚቆርጥ ቢላዋ እጀታ ላይ የተጋለጠ እርሳስ ደግሞ ፈጽሞ መኖር የለበትም። ክብደት የግድ ያስፈልጋል የሚል የብረት ሮንዴላ ይጠቀም። ሌላው አደጋ እሳት ነው። የብረቱን ጭራ አግሎ እንጨት ውስጥ የሚሰካ ሰው ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍን። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ብረቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ ጥንካሬው ቀንሷል፣ ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ ስለት አይይዝም።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል። «አራት ሴንቲ ሜትር ስለት መሸፈን ብረት ማባከን አይደለም ወይ?» ለገጀራ አይደለም። ገጀራ ሲመታ የእጅ መንቀጥቀጥ የማይሰማበት ቦታ ከስለቱ ርዝመት ሁለት ሦስተኛው አካባቢ ነው፤ ባየነው ምሳሌ ከእጀታው 28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ። ልምድ ያለው ሰው ሳይነገረው እዚያ ላይ ነው የሚመታው። የስለቱ ሥር ግንድ ላይ ሲያርፍ እጅን ነዝሮ ይመልሳል እንጂ አይቆርጥም። የሥጋ ቤት ወይም የወጥ ቤት ቢላዋ ግን ከዚህ ይለያል። ሥጋ ቆራጩ ጅማት የሚበጥሰው በስለቱ ሥር ነው፤ እዚያ ላይ እንጨት ቢደረግበት ሙያውን ያጣል። ለእሱ የሚበጀው እጀታውን ቅርጽ ማስያዝና ደንደሱን ማለስለስ ነው፤ አመልካች ጣቱንና አውራ ጣቱን ስለቱ ሥር ላይ አድርጎ ሲይዝ ደንደሱ እንዳይቆርጠው። በጣቶቹ እነዚያን ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ወደ ፊት ሄዷል፤ ያው ሕግ ነው፣ እንጨት የማያስፈልገው ብቻ ነው።

ደግሞም እጀታ የማያድነው ገጀራ አለ። ባለእጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ነው፤ ጥሩ ብረት ነው፣ ስለት ይይዛል። ነገር ግን 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባሌስትራ ሳይሳሳ በዚያው ቢቀረጽ ያ 44 ሴንቲ ሜትር ስለት ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል። ለዚህ መፍትሔው መዶሻና ወናፍ እንጂ እጀታ አይደለም። የሚፈለገው ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀስ እያለ የሚሳሳ ብረት ነው። ከሥሩ 4 ሚሊ ሜትር፣ ከጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተሳሳ ስለት ክብደቱ ከ3 ሚሊ ሜትሩ ጋር እኩል ነው፤ የክብደቱ መሐል ግን ወደ እጅ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይቀርባል፣ የአንጓውንም ጫና ከ100 እጅ 9 እጅ ይቀንሳል። ከእርሳሱ በላይ ማለት ነው፤ አንድ ግራም ሳይጨመር። የገጀራችሁን ጫፍና ሥር በጣት ዳስሳችሁ ውፍረቱ አንድ ከሆነ፣ እንጨት ከመጥረባችሁ በፊት ወደ ሠራው ሰው መልሱት። አዲስ ስታሠሩም ዋጋ ከመከራከራችሁ አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ንገሩት፦ ጫፉ ይሳሳልኝ፤ ከሥሩም አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስለት ሳታወጣለት ተውልኝ፣ እጀታውን እኔ እዚያ ድረስ አመጣዋለሁ።